ስንተኛው ኩርባ ነን?

ወደዚያ ሱቅ ብስክሌት ሊገዛ የገባ ሰው ዋጋ ከመጠየቁ በፊት ጫማውን ያወልቃል። የቤቱ ሕግ ነው። የፈለገ ትልቅ ሰው ቢሆን ጫማውን አውልቆ፣ ጀርባውን ግድግዳው ላይ ለጥፎ፣ እንደተቀጣ ተማሪ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ያኔ የባለሱቁ ልጅ ከኪሷ ድውር አውጥታ ነጭ ክር ትተረትርና ትለካዋለች።

ሜትር አትወድም። «ቁጥር ወረቀት ላይ ይጻፋል፣ ወረቀት ይጠፋል። ክር ግን ሰውየውን ራሱን ይዞ ይቀመጣል» ብለው ያስተማሯት አባቷ ናቸው። ለአንድ ደንበኛ አንድ ክር፤ የእግሩ ርዝመት ላይ አንድ ቋጠሮ፣ የክንዱ ላይ አንድ፣ የጭኑ ዙሪያ ላይ አንድ። ክሩ ጫፍ ላይ ቁራጭ ወረቀት ይታሰራል። ወረቀቱ ላይ ስም አይጻፍም፤ አባትየው ስም መያዝ ስለማይሆንላቸው «ዳቦ ጋጋሪው»፣ «የጥርስ ሐኪሟ»፣ «ያ ወሬኛ ሾፌር» ተብሎ ነው የሚጻፈው። የኋላው ግድግዳ በእነዚህ ክሮች ተሸፍኗል።

ልጅቷን ከተማው ባለክሯ ይላታል። ሠላሳ ሊሞላት አንድ ዓመት ቀርቷታል፤ ጥፍሯ ሥር የገባው ግራሶ በሳሙና አይለቅም፤ ምላሷም እንደ ፒንሳ የያዘውን አይለቅም። «ይቺ ልጅ ባልም በክር ለክታ ነው የምታገባው» እያሉ ይስቁባታል። «ልኬ አልመጣማ» ትላለች እሷም። ቀልድ አስመስላ ትናገረዋለች እንጂ ቀልድ አልነበረም።

በበጋው መጀመሪያ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ትከሻው ላይ የቆዳ ቦርሳ ያንጠለጠለ ቀጭን ሰው ገባ። ጫማህን አውልቅ ስትለው ሳይከራከር አወለቀ። ባለክሯ ዕቃ አይታ ሰው የምታውቅ ናት፤ ጎማው የተበላበትን ቦታ አይታ ነጂው ወዴት እንደሚያዘነብል ትናገራለች። የሰውየው የቀኝ ጫማ ደህና ነው። የግራው አፍንጫ ግን ተፍቆ ተፍቆ ሊቀደድ ደርሷል። አየችና ከኪሷ ድውሩን አወጣች።

«የተራራ ብስክሌት ነው የምፈልገው» አለ። «ለረጅም መንገድ የሚሆን።»

«ምን ያህል ረጅም?»

«ዙሩን ልሄድ ነው።»

ዙሩ በየዓመቱ አንድ ቀን ከንጋት እስከ ጀምበር መጥለቂያ ትልቁን ተራራ የሚከብ ጉዞ ነው። መቶ ስድሳ ኪሎ ሜትር አቧራ፣ ድንጋይና ዳገት። ሽልማት የለውም። የጨረሰ ሰው ዓመቱን ሙሉ ሲያወራው ይከርማል፣ ሽልማቱም ይኸው ነው።

ሰውየው መስኮቱ ላይ የተሰቀለችውን ቀይ ብስክሌት በአገጩ አሳያት። «ያቺ እንዴት ናት?»

«ካርቦን ናት። በአንድ ጣትህ ታነሳታለህ።»

«እንግዲያው እሷን።»

«እሷ የተሠራችው ለሁለት ሰዓት ውድድር ነው። ወገብህን አጉብጣ ነው የምታስቀምጥህ። በሁለተኛው ሰዓት አንገትህን ታማርራለህ፣ በአራተኛው እጅህን፣ በስድስተኛው ደግሞ እኔን ትረግማለህ። ረጅም መንገድ ላይ ሰውን የሚጥለው ክብደት አይደለም፣ ሕመም ነው።»

ከውስጥ አባቷ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ቀይዋ የሱቁ ውድ ዕቃ ነበረች፤ ልጃቸው ገዢ ባባረረች ቁጥር ጉሮሯቸው ያሳክካቸዋል።

ባለክሯ ካርቶን አምጥታ በርጩማ ላይ ዘረጋች። «ተቀመጥበት።»

«ካርቶን ላይ?»

«የመቀመጫህን አጥንት ስፋት ልይበት ነው። አትፈር፣ የከተማውን ሰው ሁሉ መቀመጫ አውቀዋለሁ።»

ሳቀ። ሲስቅ ፊቱ በሙሉ ነበር የሚስቀው፤ እሷም ካርቶኑ ላይ የቀሩትን ሁለት ጉድጓዶች ከሚገባው በላይ ረዘም አድርጋ አየቻቸው። ከዚያ ከጥግ አንዲት ግራጫ ብስክሌት ስባ አወጣች። ፍሬሟ የብረት ነው፤ ትንሽ ትከብዳለች፣ ግን የመንገዱን ንዝረት ትውጣለች። ጎማዋ ትልቅና ሰፊ ነው። ሞላ ያላት ከፊት ብቻ ነው፤ የኋላው ሞላ ይመቻል እንጂ ዳገት ላይ ጉልበት ይበላል፣ በረሃ ላይ ቢበላሽ ደግሞ ጠጋኝ የለውም። ከፔዳሉ ጋር ያለው የፊቱ ጥርስ ሠላሳ ሁለት ነው። «ጥርሱ ባነሰ ቁጥር ዳገቱ ይቀልሃል፣ ፍጥነትህ ግን ይቀንሳል። ለጤነኛ ሰው ሠላሳ ሁለት ልክ ነው» አለችው። «ይቺን በደንብ ከያዝካት ሃያ ዓመት ታገለግልሃለች።»

«ሃያ ዓመት አያስፈልገኝም» አለ። «አንድ ዓመት ይበቃኛል።»

በክሩ የቀኝ ጭኑን ለክታ ቋጠረች። የግራውን ለካች። ሁለተኛው ቋጠሮ ከመጀመሪያው ግማሽ ጣት ያህል ወደ ውስጥ ገባ። እሱም ቋጠሮውን እያየ ነበር።

«የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነኝ» አለ ቀስ ብሎ። «በቀን መቶ በር አንኳኳለሁ። ባለፈው ዓመት ደረጃ ላይ መውደቅ ጀመርኩ። ሐኪሙ ጡንቻው እየመነመነ የሚሄድበት በሽታ ነው አለኝ። መድኃኒት የለውም። እግርህን ለአንድ ዓመት ታገኘዋለህ፣ ዕድለኛ ከሆንክ ለሁለት አለኝ። ከዚያ በሽታው ወደ ላይ ይወጣል። ስለዚህ እግሬ የኔ እያለ አንድ ትልቅ ነገር ልሠራበት ብዬ ነው።»

ባለክሯ ወረቀቱ ላይ «ቆጣሪ አንባቢው» ብላ ጽፋ ክሩን ከሌሎቹ ለየት አድርጋ ሰቀለችው።

*

ከከተማው ጀርባ ሰባት ኩርባ ያለው ዳገት አለ። እሑድ እሑድ ሱቁ ዝግ ስለሆነ፣ «ብስክሌቷን እግርህ ላይ እስክናስተካክል» በሚል ሰበብ አብራው መውጣት ጀመረች። መቀመጫ ለማስተካከል ሦስት ወር እንደማይፈጅ ሁለቱም ያውቁ ነበር።

«ዳገት ላይ ቀና ብለህ አትይ» አለችው በመጀመሪያው ቀን። «ጫፉን ያየ ይደክማል። የፊት ጎማህን ብቻ እይ።»

እሱም አንገቱን ደፍቶ እየረገጠ ይጠይቃታል፤ «ስንተኛው ኩርባ ነን?»

«ሦስተኛው።»

ቆይቶ ደግሞ፤ «አሁንስ?»

«አራተኛው። ወሬውን ተውና እርገጥ።»

አምስተኛው ኩርባ ላይ ትንፋሹ ያልቅና እግሩን መሬት ያወርዳል። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ብርቱካን ይልጣሉ። እሱ ያወራል። የከተማውን ቤት ሁሉ በቆጣሪው ነው የሚያውቀው። ሕፃን የተወለደበት ቤት ውሃው በአንድ ጊዜ ያሻቅባል። የተጣሉ ባልና ሚስት ቤት ይወርዳል፣ ሲታረቁ ይመለሳል።

«ከሁሉ የሚከብደኝ ሰው የሞተበት ቤት ነው» አላት አንድ ቀን። «አንድ ሰው ይሄዳል፣ ውሃው ግን በሁለት ሰው ልክ ይቀንሳል። የቀረውም ሰው ነገር ዓለሙን ይተዋል። መታጠብ፣ ማጠብ፣ አበባ ማጠጣት። እኔ ቁጥሩን አነብና አንድም ቃል ሳልናገር እሄዳለሁ።»

ባለክሯ ያን ቀን ብርቱካኗን አልጨረሰችም። ልኳ መጥቶ ነበር፤ የመጣው ግን የተቆጠረ ቀን ይዞ ነው።

በሁለተኛው ወር አራተኛው ኩርባ ላይ ወረደ። በሦስተኛው ወር ሦስተኛው ላይ። ያን ዕለት መንገዱ ዳር ተቀምጦ የግራ ጭኑን በሁለት እጁ ይዞ የሰው ዕቃ ይመስል አገላብጦ አየው።

«ሦስተኛው ነው አይደል?»

«ሦስተኛው።»

ቁልቁል ሲወርዱ እሷ ከኋላው ሆና የጀርባውን አጥንት በሸሚዙ ላይ ትቆጥር ነበር።

በማግስቱ ብስክሌቷን ግራሶ እንዲቀየርላት ሱቅ ትቷት ሄደ። ባለክሯ ካቻቢቴና ቁልፍ ይዛ ፊት ለፊቷ ቆመች። ከዚያ እጇ ሠራ። ሠላሳ ሁለቱን ጥርስ ፈትታ ሃያ ስምንት አሰረች፣ ሰንሰለቱን አሳጠረች፣ ጥርሱ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር በወፍራም ግራሶ ሸፈነችው። የወጣውን ጥርስ ከግራሶው ቆርቆሮ ጀርባ ወሸቀችው። ያደረገችው ከፍቅር ነው። ብዙ ክፉ ነገርም የሚደረገው በዚሁ መንገድ ነው።

እሑድ ስድስተኛው ኩርባ ደረሰ።

«ስንተኛው አልሽኝ?»

«ስድስተኛው።»

ብስክሌቷን ጥሎ በጀርባው ተንጋለለና ሰማዩን እያየ ሳቀ። ባለክሯ ያን ሳቅ ሰምታ ወደ ኋላ መመለስ አልቻለችም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሃያ ስድስት አሰረችለት፣ ጫፍ ወጣ። ከላይ ሆነው ከተማው በሙሉ ሲታያቸው ፊቷን በሁለት እጁ ይዞ ሳማት። ደስታዋ አሸዋ እንደገባበት ኩሽኔታ ውስጥ ውስጡን ይንቋቋ ነበር።

«አንድ ነገር ብቻ ገርሞኛል» አላት ሲወርዱ። «ሜዳ ላይ እግሬ ባዶውን ይሽከረከራል።»

«ጉልበትህ ነዋ» አለችው።

*

ውሸት አንዱን ካሳለፉት ሌላውን ይወልዳል። ቆጣሪ አንባቢው የሐኪም ቀጠሮውን ሳይሄድ ቀረ። «ምን ልበለው? ሰባት ኩርባ ወጥቼ መጣሁ ብለው አንድ ዓመት በማለቱ ያፍራል» አለ። ከዚያ የመሥሪያ ቤቱ ነገር መጣ። አለቃው አዝኖለት መስኮት ላይ ተቀምጦ አቤቱታ የሚቀበልበት ቦታ ይዞለት ነበር፤ እስከ ዓርብ ካልፈረመ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ከዚያ ወዲያ በእግሩ መሥራት ቢያቅተው ሥራው አበቃ፣ ሌላ መቀመጫ የለም።

«ሐሙስ ሄጄ አልፈልግም እላቸዋለሁ» አላት። ሱቁ በር ላይ ቆመው ነበር። «እግሬ እየተመለሰልኝ ወንበር ላይ ልጎለት? ደግሞ ሌላም ነገር አለ።»

«ምን?»

ቦርሳውን ከትከሻ ወደ ትከሻ አዛወረ። «የእናንተ ቤት በወር ስምንት ሜትር ኩብ ነው። አንቺና አባትሽ። የእኛም ስምንት ነው፣ እኔና እናቴ። አንድ ቤት ላይ አድርገን ዐሥራ ስድስት ብናስነብበው ምን ይመስልሻል?»

ነገሩ እስኪገባት ትንሽ ፈጀባት። ሲገባት ጆሮዋ ጋለ።

«አስቀድሜ ልጠይቅሽ ነበር» አለ። «ግን አንድ ዓመት የቀረው ሰው ሰው አያስርም ብዬ ነው የተውኩት። አሁን ግን...» እግሩን መሬት ላይ መታ መታ አደረገ። «ሐሙስ ጠዋት ብስክሌቷን ለግራሶ ይዤ ስመጣ ንገሪኝ።»

በማግስቱ፣ ረቡዕ፣ እናቱ መጡ። ልብስ ሰፊ ናቸው፤ የመርፌ መያዣው ደረታቸው ላይ እንደተሰካ ነው የመጡት። የባለክሯን ጥቁር እጅ ይዘው ሳሙት።

«እማማ፣ ግራሶ ነው፣ ይነካዎታል።»

«ይንካኝ። ልጄን መለስሽልኝ። ትናንት ምን እንዳደረግኩ ታውቂያለሽ? ስሰፋ ዘፈንኩ። አባቱ ከሞተ ሦስት ዓመቱ፣ አፌን ለዘፈን ከፍቼ አላውቅም።» ተቀመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። አንቺ የሰው ልክ ታውቂያለሽ። የሱሪው ግራ እግር ሰፋበትና ሰሞኑን እንደገና አጠበብኩለት። ሰው ሲድን መጀመሪያ እንዲህ ያደርጋል?»

ባለክሯ አፏን ከፈተች። ሴትየዋ መልስ የጠበቁ አይመስሉም ነበር፤ ወይም መልሱን ፈርተው ቶሎ ተነሡ።

እሳቸው እንደወጡ አባቷ ከጓዳ መጡ። እጃቸው ላይ የሠላሳ ሁለቱ ጥርስ ነበር።

«ይሄ የማን ነው?»

መፍቻዋን አንሥታ መልሳ አስቀመጠች።

«ከቆርቆሮው ጀርባ አገኘሁት። አዲስ ነው፣ አልተበላም። አዲስ ጥርስ በምን ምክንያት ይፈታል?» ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡትና ቁጭ አሉ። «እኔ በወጣትነቴ አንድ የተሰነጠቀ ፍሬም ቀለም ቀብቼ ሸጫለሁ። ሰውየው አልሞተም። እስከ ዛሬ ግን መንገድ ላይ ካየሁት ተሻግሬ ነው የማልፈው።»

«አባዬ፣ ከነገርኩት አጣዋለሁ።»

«ልታጪው ትችያለሽ።»

«ካልነገርኩት ግን...»

«ካልነገርሽው ያገባሻል። ዓርብ የሚያልፈው ወንበር ግን አይመለስም።» መነጽራቸውን አውልቀው አሹት። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። አንቺ ጋ ግን የሚያድር ቀን የለም፤ ነገ ሐሙስ ነው።»

*

ሐሙስ በጠዋት ቆጣሪ አንባቢው እየተፍለቀለቀ መጣ። ጸጉሩን ተስተካክሏል። ባለክሯ «ግባ» እንኳን ሳትለው ብስክሌቷን ተቀብላ ማቆሚያው ላይ ሰቀለቻት። ጨርቅ አንሥታ ግራሶውን ከፊቱ ጥርስ ላይ ጠረገች። ቁጥሩ እስኪታይ ሁለት ጊዜ ጠረገችው።

«አንብብ» አለችው።

ጎንበስ አለ። ቁጥር ማንበብ እንጀራው ነው። «ሃያ ስድስት።»

«ስትገዛት ስንት ነበር?»

ቀና ብሎ አያት። መልሱን ያውቀዋል፤ አንድ ጊዜ ያየውን ቁጥር አይረሳም። ፊቱ ላይ የነበረው ፈገግታ ወዲያው አልጠፋም፤ የሚሄድበት አጥቶ ትንሽ ቆየ፣ ከዚያ ወረደ።

«መቼ?»

«ሦስተኛው ኩርባ ላይ በወረድክ ማግስት።»

«ክሩን አምጪው።»

«ምን ያደርግልሃል?»

«አምጪውና ለኪኝ። ድምፅሽን አሰምተሽ።»

ከምስማሩ አውርዳ ተንበረከከች። ክሩን የግራ ጭኑ ላይ አዞረች። እስከ ድሮው ቋጠሮ የተረፈውን ክር በጣቷ ለካች። «ሁለት ጣት ቀንሷል» አለች። እንባዋ ወለሉ ላይ ይወርድ ነበር።

እሱ አልጮኸም። ቢጮህ ይሻላት ነበር። «ሐኪሙ ሲነግረኝ ብቻዬን ነበር የሰማሁት» አለ። «ለመድኩት። ሌሊት ሌሊት እያሰብኩ ቀስ ብዬ ለመድኩት። አንቺ ያንን ወስደሽ ጣልሽብኝ። አሁን እንደገና ከመጀመሪያው ልጀምር ነው። እናቴ ትናንትናም ስትዘፍን ነበር። ዛሬ ቤት ገብቼ ምን ልበላት?»

«አብሬህ ልሂድና እኔው...»

«አትምጪ።» ቦርሳውን አነሣ። በሩ ላይ ሲደርስ ቆመ፣ ፊቱን ግን አላዞረም። «ዐሥራ ስድስቱንም እርሺው።»

የግራ እግሩን እየጎተተ መንገዱን ሲሻገር በመስኮቱ አየችው። ወደ መሥሪያ ቤቱ ይሁን ወደ ቤቱ የሄደው አላወቀችም። ብስክሌቷ ማቆሚያው ላይ እንደተሰቀለች ቀረች።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሳምንታት ባለክሯ ኖረችባቸው ማለት ይከብዳል። ሱቅ ትከፍታለች፣ ጎማ ትነፋለች፣ ሱቅ ትዘጋለች። ሰው ሲቀልድባት አትመልስም። አባቷ ሌላ ብስክሌት ማቆሚያው ላይ ለመስቀል ሲፈልጉ ግራጫዋን አይተው ይተዉታል፤ መሬት ላይ ተንበርክከው ይሠራሉ።

በወሩ መጨረሻ ቤታቸው በር ተንኳኳ። አዲስ ቦርሳ ያነገተች ወጣት ሴት ነበረች። «ቆጣሪ ላነብ ነው» አለች።

ባለክሯ በሩን ደግፋ ቆመች። «የድሮውስ?»

«እሱ ቢሮ ገብቷል። መስኮት ቁጥር ሦስት ላይ ነው የሚቀመጠው።» ጎንበስ ብላ የቆጣሪውን መስታወት በጣቷ ጠረገች፣ መዝገቧን ገልጣ ካለፈው ወር ጋር አመሳከረች። «ስድስት። ምነው ቀነሰሳ? ሰው ሄደባችሁ እንዴ?»

ባለክሯ መጀመሪያ ፈርሟል ብላ አሰበች። ወንበሩን ይዟል። ከዚያ የልጅቷን ጥያቄ ሰማችው፤ ደረጃው ላይ ቁጭ አለችና ፊቷን በጉልበቷ ሸፍና አለቀሰች። ልጅቷ ምን እንዳጠፋች ሳይገባት ይቅርታ እየጠየቀች ሄደች።

ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከሥራ መውጫ ሰዓት ላይ፣ ሱቁ በር ላይ የዱላ ድምፅ ተሰማ። ቆጣሪ አንባቢው ነው፤ ከስቷል። ከዘራ ይዟል። ባለክሯ እጇ ላይ የነበረውን ጎማ ይዛ ቆመች።

«የወሩ ንባብ በኔ መስኮት ነው የሚያልፈው» አለ። «የእናንተን ስድስት አየሁት። አባትሽ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው።»

«እንግዲያው አንቺ ነሽ።»

«እኔ ነኝ።»

በርጩማው ላይ ተቀመጠ፤ መቀመጥ ራሱ ሥራ ሆኖበታል። «የኛም ቤት አምስት ገብቷል» አለ። «እናቴ ጠጥቶ እንኳን የማያመሽ ሰው ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚከሳ ትላለች። ነገርኳት ሁሉንም። ሁለት ቀን አላናገረችኝም። በሦስተኛው ቀን ‹እኔም ሱሪህን ሳጠብብ ጨርቁ ሰፋ እያልኩ ስዋሽህ ከርሜያለሁ፣ ልጅቷን ብቻዋን አትክሰሳት› አለችኝ።»

ባለክሯ እንባዋን በክንዷ ጠረገች፤ ግራሶው ጉንጯ ላይ ተሠመረ። እሱ አየውና ሊስቅ ምንም አልቀረው።

«ተናድጄብሻለሁ» አለ። «አሁንም አልወጣልኝም። ግን እየተናደድኩም ስድስቱን ሳይ መቀመጥ አቃተኝ።»

«ምን ላድርግልህ?»

«አንድ ነገር። ሳልጠይቅሽ አትንገሪኝ። እኔም ሁልጊዜ መስማት አልፈልግም። ከጠየቅኩሽ ግን፣ ምንም ቢሆን፣ ያለውን ትነግሪኛለሽ።»

«እነግርሃለሁ።»

«ብመነምንም።»

«ብትመነምንም።»

ወደ ግራጫዋ ብስክሌት አየ። «ሠላሳ ሁለቱን ልመልሰው?» አለችው ቶሎ ብላ።

«ተይው። ለኔ እግር ልኩ ሃያ ስድስት ነው። ቁጥሩ ላይ ግን ግራሶ አትቀቢበት።»

*

መራመድ ቢከብደውም ፔዳል መርገጥ ገና አላቃተውም ነበር፤ ብስክሌት ላይ ክብደቱን መቀመጫው ይሸከምለታል። ዙሩን አብረው ወጡ። ሲነጋ ከብዙ ሰው ጋር ተነሡ፣ ረፋድ ላይ ከመጨረሻዎቹ ጋር ነበሩ፣ ከቀትር በኋላ ብቻቸውን ቀሩ። ጣቶቹ መሪውን ጨብጠው አልላቀቅ ሲሉ አንድ በአንድ ላቀቀችለት። ያቋረጡትን የሚሰበስበው መኪና እስኪመጣ አቧራው ላይ ተቀምጠው ጠበቁ።

«ስንት ገባን?»

የኪሎ ሜትር መቁጠሪያውን አየች። «ዘጠና አንድ።»

«ዘጠና አንድ» አለ ለራሱ። ሌላው ሰው መቶ ስድሳውን ሲያወራ እሱ ዓመቱን ሙሉ ስለ ዘጠና አንድ አወራ።

በዚያው ወር ተጋቡ፤ አራቱም አንድ ቤት ገቡ። እናቱ ምርቃታቸውን እያለቀሱ ነው የሰጡት፣ ልብሷን ግን እየዘፈኑ ሰፉላት። የመጀመሪያው ወር ዐሥራ ሰባት ገባ። «ከግምቴ አንድ በለጠ» ብሎ መስኮት ቁጥር ሦስት ላይ ሲፎክር ዋለ።

በሽታው ቃሉን ጠበቀ። በሚቀጥለው ዓመት ከዘራው በሁለት ምርኩዝ ተተካ፣ ከዚያ ምርኩዞቹ ጥግ ቆሙ። ባለክሯ የግራጫዋን ብስክሌት ሁለት ሰፋፊ ጎማዎች አውጥታ ተሽከርካሪ ወንበር ሠራችለት። ከዚያ በፊት ለክታዋለች፤ ክሩ ላይ ቋጠሮ ተጨምሮ ተጨምሮ የጸሎት መቁጠሪያ መስሏል። በለካችው ቁጥር ይጠይቃል፣ በጠየቀ ቁጥር ትናገራለች። አንዳንዴ ተናግራ ጓዳ ትገባና ፊቷን ታጥባ ትመለሳለች።

አንድ እሑድ ዳገቱን እንውጣ አላት። አሁን ድምፁም ቀጥኗል። ወንበሩን ከኋላ እየገፋች ወጣች። ፀሐይዋ ትፋጃለች፣ ክንዷ ይንቀጠቀጣል፣ ላቧ ዓይኗ ውስጥ ይገባል። በየኩርባው ድንጋይ ከጎማው ሥር ሸጉጣ ታርፋለች። እሱ አንገቱ ወደ ደረቱ አዘንብሏል፤ ዓይኖቹን ጨፍኗል፤ ፊቱ ላይ ያ የድሮው ፈገግታ አለ።

«ስንተኛው ኩርባ ነን?» አላት።

ዓይኑን አልገለጠም። አይገልጥምም። ሰባተኛው ብትለው ያምናታል፤ ደርሰናል ብትለው ደስ ብሎት ይተኛል፣ እሷም ወንበሩን አዙራ ወደ ቤት ትወርዳለች።

«አራተኛው» አለችው።

አራተኛው ነበር።

«ገና ነን ማለት ነው» አለ።

«ገና ነን» አለችና ድንጋዩን ከጎማው ሥር አወጣች።